የኢንዴክሱ ነጠላ ሰረዝ

«ጣይቱ ብጡል (እቴጌ)   41፣ 88–93፣ 210»

እንዲህ ያለ መስመር በአንድ የታሪክ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ታትሟል እንበል። አንባቢው ስሙን ያያል፣ ቁጥሩን ያያል፣ ወደ ገጹ ይሄዳል። የእኔ ሥራ መጽሐፍ ለማተሚያ ቤት ማዘጋጀት ስለሆነ እዚህ መስመር ላይ የማየው ሌላ ነገር ነው። ማዕረጉ ከስሙ በኋላ በቅንፍ የገባው ለምንድን ነው? ከቅንፉ ቀጥሎ ምልክት ሳይኖር ሰፋ ያለ ክፍተት ብቻ የተተወውስ? በቁጥሮቹ መሀል የገባው የእኛው ነጠላ ሰረዝ ነው፤ የፈረንጁን «,» ማን አስቀረው? 88ን ከ93 ጋር ያገናኘው መስመር ከተራ ሰረዝ ይረዝማል፤ ማን አስረዘመው? እቴጌይቱስ «እ» ስር ሳይሆኑ «ጠ» ስር መቀመጣቸው?

የአብዛኞቹ መልስ የሚገኘው አንድ ገጽ በማይሞላ ትንሽ ፋይል ውስጥ ነው። ስታይል ፋይል ይባላል። የኢንዴክሱ ይዘት ሌላ ቦታ ይኖራል፤ ይህ ፋይል የሚይዘው መልኩን ብቻ ነው፤ የቱ ምልክት የት እንደሚገባ፣ ንኡስ ቃል ስንት ገባ እንደሚል፣ ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው ሲታለፍ ምን እንደሚታተም።

ይህን ለብዙ ሰው መንገር የፈለግሁት በእጄ ከሚያልፉት የአማርኛ መጻሕፍት አብዛኞቹ ኢንዴክስ ስለሌላቸው ነው። አምስት መቶና ስድስት መቶ ገጽ የሆነ የሕይወት ታሪክ፣ ደራሲው ዕድሜውን የሰጠው ጥናት፣ ከፊት ማውጫ አለው፤ ከኋላ ምንም የለውም። ስለ አያቱ አውራጃ የተጻፈውን ብቻ ማንበብ የፈለገ ሰው፣ ለመመረቂያ ጽሑፏ የአንድ ዘመቻ ስም የምታሳድድ ተማሪ፣ ገጽ ሲያገላብጡ ይውላሉ። ብዙ ጊዜም ሳያገኙት መጽሐፉን ይዘጉታል። የተጻፈ ነገር እንዳልተጻፈ ሆኖ ሲቀር ያንገበግበኛል። ደራሲዎችን ለምን ኢንዴክስ አይገባም ብዬ ስጠይቅ ከማገኛቸው መልሶች አንዱ «በአማርኛ አያምርም፤ ኮምፒውተሩም ያበላሸዋል» የሚል ነው። ያበላሸዋል የሚለው እውነትነት አለው፤ ለምን እንደሚያበላሸው ወደ ኋላ አሳያለሁ። ማስተካከል ግን ይቻላል።

በድሮው አሠራር ኢንዴክስ የሚዘጋጀው በካርድ ነበር። ለአንድ ስም አንድ ካርድ ይያዝና ስሙ በተገኘ ቁጥር ገጹ ይጻፍበታል፤ በመጨረሻ ካርዶቹ በፊደል ተራ ተደርድረው ይተየባሉ። ደራሲው በመጨረሻው ሰዓት አንድ አንቀጽ ከጨመረ ገጾቹ ይገፉና ከዚያ ወዲያ ያለው ቁጥር ሁሉ ይሳሳታል። ይህን ድካም ለኮምፒውተር ለመስጠት ብዙ ሰው ሞክሯል። እኔ የምጠቀምበት መንገድ ላቴክ ከሚባለው የጽሑፍ ማቀናበሪያ ጋር የሚሄደው ነው። መሠረቱን የጣለው የስታንፎርዱ ዶናልድ ክኑት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የመጽሐፉ የሙከራ ኅትመት ቢያስቀይመው፣ ቴክ የተባለውን ፕሮግራም ራሱ መሥራት ጀመረ። ሌስሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዚያ ላይ ላቴክን ገነባ። ኢንዴክሱን የሚያሰናዳውን ሜክኢንዴክስ የተባለ ፕሮግራም የጻፈው ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የነበረው ፔሆንግ ቼን ነው። ላምፖርትም አብሮት መክሯል፤ ጥቂት ገጽ ያላትን መመሪያ በፌብሩዋሪ 1987 ያዘጋጀው እሱ ነው። ቼን ከመምህሩ ከማይክል ሃሪሰን ጋር በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ አሠራሩን በዝርዝር አስረድተዋል።

ከዚያ ሥራ ሁሉ እኔን የማረከኝ፣ ፕሮግራሙ ስለ መልክ በራሱ እንዳይወስን አድርገው መቅረጻቸው ነው። ቃላቱን ይሰበስባል፣ ይደረድራል፣ የተደጋገመውን ያዋህዳል። እንዴት ይጻፍ ለሚለው ግን ስታይል ፋይሉን ይጠይቃል። ያን ያደረጉት ፕሮግራሙ ለላቴክ ብቻ ሳይሆን ትሮፍ ለተባለው ለሌላው የዘመኑ ማቀናበሪያም እንዲያገለግል ነው። በርክሌይ ተቀምጠው ስለ አማርኛ ነጠላ ሰረዝ ያሰበ ሰው አልነበረም። በር ክፍት ትተው ሄዱ፤ እኛ የምንገባው በዚያ በር ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ጽሑፉን ሳዘጋጅ፣ ኢንዴክስ ውስጥ እንዲገባ ከምፈልገው ቃል አጠገብ አንድ ትእዛዝ እጽፋለሁ፤ ትእዛዙ ታትሞ አይታይም። ላቴክ መጽሐፉን ሲያቀናብር እያንዳንዱን ምልክት የተደረገበት ቃል ከገጽ ቁጥሩ ጋር አንድ ጥሬ ፋይል ላይ ይዘረግፋል፤ ያለ ቅደም ተከተል፣ ከነድግግሞሹ። ሜክኢንዴክስ ያን ጥሬ ፋይል ያነብና በአንድ በኩል ስታይል ፋይሉን እያየ የተደረደረ ሁለተኛ ፋይል ይጽፋል። ላቴክ እንደገና ሲነሳ ያን ሁለተኛ ፋይል መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያስገባዋል። ደራሲው አንቀጽ ቢጨምር ሁሉንም እንደገና ማስነሳት ነው፤ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይስተካከላሉ።

አጠገብ የሚጻፈው ትእዛዝ የራሱ ትንሽ ሰዋስው አለው። «ቡና!ወጪ ንግድ» ብጽፍ «ወጪ ንግድ» በ«ቡና» ስር ንኡስ ቃል ይሆናል። የንኡስ ንኡስም ይቻላል፤ ሜክኢንዴክስ ከሦስት ደረጃ አያልፍም፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ መጽሐፍም አላየሁም። «ቡና|(» ማለት ስለ ቡና የሚናገረው ክፍል እዚህ ይጀምራል ማለት ነው፤ «ቡና|)» የሚያበቃበት ነው፤ በመሀል ያሉት ገጾች በአንድ መስመር ይገናኛሉ። ይህን ባላደርግም ቃሉ በሦስት ተከታታይ ገጾች ላይ ከተገኘ ፕሮግራሙ ራሱ ያገናኛቸዋል። በዚህ እጠነቀቃለሁ። በ88፣ በ89 እና በ90 ስሙ በዋዛ የተጠቀሰ ሰው «88–90» ተብሎ ሲወጣ አንባቢው ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ እሱ የተጻፈ ይመስለዋል። ፕሮግራሙ ሲነሳ ይህን እንዳያደርግ ማዘዝ ይቻላል፤ ለታሪክ መጽሐፍ ሁልጊዜ አዝዘዋለሁ።

አሁን ወደ ስታይል ፋይሉ እንግባ። ማንኛውም ተራ ጽሑፍ መጻፊያ ይከፍተዋል። በእያንዳንዱ መስመር ላይ በግራ የአንድ ነገር ስም አለ፣ በቀኝ ዋጋው። ዋጋው የሚታተም ጽሑፍ ከሆነ በድርብ ጥቅስ ይታጠራል፣ መስመሩ አንዲት ምልክት ብቻ የሚቀበል ከሆነ በነጠላ ጥቅስ፤ ቁጥር ያለ ጥቅስ ይጻፋል። ያልተጻፈ ነገር ቢኖር ፕሮግራሙ ከራሱ ጋር የመጣውን ልማድ ይወስዳል፤ ልማዱ ደግሞ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ልማድ ነው። ስለዚህ ለአማርኛ የምንጽፈው ፋይል ልማዱ የማይስማማንን ቦታ ብቻ ነው የሚነካው።

መጀመሪያ የምነካው በገጽ ቁጥሮች መሀል የሚገባውን ምልክት ነው። ልማዱ የፈረንጅ ኮማና ክፍት ቦታ ነው። እኔ ያን አጥፍቼ «፣» ከነክፍት ቦታው አስገባለሁ። ክፍት ቦታው ከጥቅሱ ውስጥ መሆን አለበት። ከተረሳ 41፣88፣210 ተጣብቀው አንድ ቃል ይሆናሉ፤ ላቴክም የሚቆርጥበት ቦታ ስለማያገኝ ቁጥሮቹ ከዓምዱ አልፈው ጎረቤቱ ዓምድ ላይ ይወጣሉ። ክፍት ቦታው ከነጠላ ሰረዙ በፊት ከገባ ደግሞ መስመሩ ሲሰበር ነጠላ ሰረዙ ብቻውን የሚቀጥለው መስመር ራስ ላይ ይቀመጣል። ሁለቱም የታተመ መጽሐፍ ላይ ሲታዩ ዓይን ይወጋሉ።

ቀጥሎ በቃሉና በመጀመሪያው ገጽ መሀል የሚገባው ነው። ለዋናው ቃል፣ ለንኡሱና ለንኡስ ንኡሱ ሦስት የተለያዩ መስመሮች አሉ፤ ሦስቱንም ለየብቻ መወሰን ይቻላል። ብዙ ሰው እዚህም ነጠላ ሰረዝ ያደርጋል። እኔ አላደርግም። የአማርኛ ስም ብዙ ጊዜ በቅንፍ ማዕረግ ይጨርሳል፤ በቅንፍ ላይ ነጠላ ሰረዝ፣ በነጠላ ሰረዝ ላይ ቁጥር ሲደረደር ይጨናነቃል። የአንዲት «መ» ስፋት የሚያህል ባዶ ቦታ ይበቃዋል። ነጥብ በነጥብ የተሞላ መስመር እስከ ቁጥሩ ድረስ የሚስቡም አሉ፤ ያ ለፊተኛው ማውጫ ያምራል፤ በሁለት ጠባብ ዓምድ ለሚታተም ኢንዴክስ ግን ገጹን ያጠቁረዋል።

ገጾችን የሚያገናኘው መስመር በልማዱ መካከለኛ ሰረዝ ነው፤ እተወዋለሁ። የኢንዴክሱ መክፈቻና መዝጊያም በፋይሉ ውስጥ ነው የሚታዘዘው። መክፈቻው ላይ ሁለት ነገር አስገባለሁ። አንደኛው ፎንቱ ነው። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን የምመርጠው ደማቅ ቅርፅ ስላለው ነው፤ ደማቅ ፊደል የሌለው ፎንት ኢንዴክስ ላይ ያስቸግራል። ሁለተኛው ለአንባቢው የሚሆን አጭር ማስታወሻ ነው፤ «በደማቅ የታተመ ቁጥር ዋናው ማብራሪያ ያለበት ገጽ ነው፤ በዘመም የታተመ ፎቶግራፍ ያለበት ነው» የሚል። ማስታወሻው ከፋይሉ ጋር ስለሚሄድ በየመጽሐፉ እንደገና መጻፍ አያስፈልግም።

ከፋይሉ ጎን ለጎን ላቴክ ውስጥ መስተካከል ያለበትም አለ። አንባቢን ከአንድ ስም ወደ ሌላ የሚመራው ትእዛዝ የተቀረጸው በእንግሊዝኛ አነጋገር ነው፤ «ተመልከት» የሚለውን አስቀድሞ ስሙን ያስከትላል። በእኛ ግሱ መጨረሻ ነው። ቃሉን ብቻ በአማርኛ ብንተካው «ተመልከት ኃይለ ሥላሴ» ብሎ ያትማል። ትእዛዙ ራሱ ተገልብጦ መጻፍ አለበት፤ ስሙ ይቀድምና «ተፈሪ መኰንን — ኃይለ ሥላሴን ይመልከቱ» ይላል። ሥራው የአንድ መስመር ነው፤ ሳይሠራ ከቀረ ግን አንባቢ በየገጹ ይሰናከልበታል።

ይህ ሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የሀሁ ጉዳይ ነው።

ፕሮግራሙ ቃላትን የሚደረድረው በኮምፒውተር ውስጥ ባላቸው ቁጥር ነው። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ስለነበር ማሽኑ የሚያየው የላቲን ፊደል ነበር፤ ተራው ሁሉ ይዘበራረቃል። «ኮምፒውተሩ ያበላሸዋል» የሚለው ቅሬታ የመጣው ከዚያ ዘመን ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደልን ሲያካትት ፊደሎቹ በሀለሐመ ቅደም ተከተል ተቀመጡ፤ ስለዚህ በቁጥር መደርደር ወደ ፊደል ተራችን በጣም ቀረበ። በ2004 ከወጣው ዚቴክ ወዲህ ደግሞ ላቴክ ውስጥ አማርኛን እንዳለ መተየብ ተችሏል።

ቀረበ አልኩ እንጂ ደረሰ አላልኩም። «ዓለም» እና «አለም»፣ «ሠራዊት» እና «ሰራዊት»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፤ ለአንባቢ አንድ ቃል የሆነው ለማሽኑ ሁለት ነው። ደራሲው ራሱ በአንዱ ምዕራፍ «ሐዲስ» ብሎ በሌላው «ሀዲስ» ካለ ኢንዴክሱ አንዱን ሰው ሁለት ቦታ ያስቀምጠዋል፤ የገጽ ቁጥሩም ለሁለት ይከፈላል። ለዚህ ሜክኢንዴክስ የሰጠን መሣሪያ «@» ናት። ከምልክቷ በስተግራ ያለው ለመደርደሪያ ነው፣ በስተቀኝ ያለው ለመታተሚያ። «አለም@ዓለም» ብዬ ስጽፍ ቃሉ በ«አለም» ቦታ ይቀመጥና «ዓለም» ተብሎ ይታተማል። «ምኒልክ@ዐፄ ምኒልክ» ስል ንጉሠ ነገሥቱ ከነማዕረጋቸው «መ» ስር ይገባሉ። እያንዳንዱን በእጅ መጻፍ አያስፈልግም፤ ጥሬውን ፋይል አንብቦ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ እየለወጠ የመደርደሪያውን ቁልፍ የሚሠራ አጭር የፓይተን ፕሮግራም በመሀል ይገባል። የሚታተመው ቃል አይነካም፤ የደራሲው አጻጻፍ እንዳለ ይቆያል።

ሌላው ችግር ርእሱ ነው። ጥሩ ኢንዴክስ ከ«ለ» ወደ «መ» ሲያልፍ ክፍተት ይተዋል፤ ከክፍተቱም ላይ ደማቅ «መ» ያትማል። ስታይል ፋይሉ ውስጥ ይህን የሚያበራ መስመር አለ፤ ዋጋውን 1 ማድረግ ነው። በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ ወዲያው ይሠራል። አማርኛ ላይ ሲበራ ግን ከኢንዴክሱ ራስ ላይ አንድ የተበላሸ ምልክት ይታተማል፤ ከዚያ በታች ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለው ሁሉ ያለ አንዳች ርእስ፣ ያለ አንዳች ክፍተት ይከተላል። ምክንያቱ ይህ ነው። ሜክኢንዴክስ የተጻፈው አንድ ፊደል አንድ ባይት በነበረበት ዘመን ነው። አንዱ የአማርኛ ፊደል ዛሬ በተለመደው በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ባይት ደግሞ ለፊደሎቻችን ሁሉ አንድ ነው። ፕሮግራሙ የሚያየው ያን የመጀመሪያ ባይት ብቻ ስለሆነ «ሀዲስ» እና «ፋሲል» ለእሱ በአንድ ፊደል ይጀምራሉ። ርእስ አድርጎ የሚያትመውም የፊደል አንድ ሦስተኛ ነው።

እዚህ ላይ ስታይል ፋይሉ የሚያድነን በአንድ ሌላ ባሕርይው ነው። ርእሱን ብቻ አያበራም፤ ከርእሱ በፊትና በኋላ ምን እንደሚጻፍም ይጠይቃል። ስለዚህ ርእሱን አንድ ላቴክ ትእዛዝ ውስጥ መጠቅለል ይቻላል። ለመደርደሪያው ቁልፍ ከፊት አንዲት የላቲን ፊደል እንጨምራለን፤ ለ«ሀ» ቤት ኤ፣ ለ«ለ» ቤት ቢ፣ ለ«መ» ቤት ሲ፣ እያለ ይቀጥላል። ፕሮግራሙ አሁን የሚያውቀውን ፊደል ስላገኘ ቃላቱን በቤት በቤታቸው ይከፍላል፤ ርእስ አድርጎም ያን የላቲን ፊደል ይጽፋል። የጠቀለለው ትእዛዝ ደግሞ ሲታተም ኤን ወደ «ሀ»፣ ቢን ወደ «ለ» ይመልሰዋል። አንባቢ የሚያየው ደማቅ ፊደል ብቻ ነው።

የላቲን ፊደል 26 ነው፤ የእኛ ቤቶች ከዚያ ይበልጣሉ። «ቨ»ን ጨምረን ብንቆጥር 34 ናቸው። ድምፃቸው አንድ የሆነውን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ ካዋሃድን 29 ይቀራሉ። በ«ኘ»፣ በ«ኸ» እና በ«ዠ» የሚጀምር ስም እምብዛም ስለሌለ ወደ «ነ»፣ ወደ «ከ» እና ወደ «ጀ» ብናስጠጋቸው የሚቀሩት ልክ 26 ናቸው። ይህን በወረቀት ላይ ቆጥሬ ሳገኘው እጅግ ደስ አለኝ። «ጰ»ንም እናስጠጋ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ ግን የታሪክ መጽሐፍ ያለ አቡነ ጴጥሮስ አይሆንም፤ ቤቷ መቅረት የለበትም። በዚህ ስሌት እቴጌ ጣይቱ ያሉበት «ጠ» ሃያ አንደኛ ነው። ስለዚህ የእሳቸው ቁልፍ በላቲኑ ዩ ይጀምርና «ጣይቱ ብጡል» ይከተላል፤ በቤቱ ውስጥ ከ«ጠ» እስከ «ጦ» ያለውን ቅደም ተከተል የሚጠብቀው ያ የሚከተለው አማርኛ ነው። ሙሉ በሙሉ ቁጥር የሆኑ ቃላት ለብቻቸው ይሰበሰባሉ፤ ልማዱ ከራሳቸው ላይ የሚጽፈው የእንግሊዝኛ ርእስ ስለሆነ በፋይሉ ውስጥ «ቁጥሮች» ብሎ መተካት ነው።

ይህን ሁሉ ዙር መሄድ የማይፈልግ ዚንዲ የሚባለውን ፕሮግራም ይውሰድ። በጀርመን በዳርምሽታት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሮጀር ኬር እና ዮአኺም ሽሮድ የሠሩት ነው፤ የተነሱትም ሜክኢንዴክስ ከእንግሊዝኛ ውጭ ላሉ ቋንቋዎች ስለማይመች ነው። የዚንዲ ስታይል ፋይል መልክን ብቻ ሳይሆን የፊደል ተራን ጭምር ይይዛል፤ «ሐን እንደ ሀ ቁጠረው»፣ «ከዚህ እስከዚህ ያለው የ‹ለ› ቤት ነው» እያሉ መጻፍ ይቻላል። አጻጻፉ በቅንፍ ላይ ቅንፍ ስለሆነ ለጀማሪ ይከብዳል። ብዙ መጽሐፍ ለሚያወጣ ቤት ግን አንድ ጊዜ ተጽፎ ለዘላለም የሚያገለግል ነው። እኔ ለደራሲ ወይም ለተማሪ በሜክኢንዴክስ እንዲጀምሩ እመክራለሁ፤ ለአሳታሚ ዚንዲን።

የግዕዝ ቁጥርም መነሣት አለበት። መቅድሙን በ፩፣ ፪፣ ፫ መቁጠር የሚወዱ ደራሲዎች አሉ፤ ያምራል። ሜክኢንዴክስ ግን የሚያውቀው አምስት ዓይነት የገጽ ቁጥር ብቻ ነው፤ ተራው ቁጥር፣ ትንሹና ትልቁ የሮማ ቁጥር፣ ትንሹና ትልቁ የላቲን ፊደል። ፬ ሲመጣበት አይቀበለውም። ዚንዲ ላይ አዲስ የቁጥር ዓይነት ማስተዋወቅ ይቻላል። በሜክኢንዴክስ ለሚሠራ ግን መቅድሙን ኢንዴክስ ውስጥ አለማስገባት ይሻላል፤ መቅድም በአብዛኛው ምስጋና ስለሆነ አንባቢው ብዙ አይጎዳም።

ከመሣሪያው በላይ ጊዜ የሚወስደው ግን ከደራሲ ጋር የሚደረገው ውይይት ነው። አንድ አዛውንት ደራሲ፣ ቢሮ መጥተው የኢንዴክሳቸውን የመጀመሪያ ረቂቅ ሲያዩ፣ «ልጄ፣ ራስ አሉላን እኔ የምፈልጋቸው ‹ረ› ስር ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እንደሱ ከሆነ ራስ መኰንንም፣ ራስ ጎበናም፣ ራስ መንገሻም ‹ረ› ስር ይታጨቃሉ፤ ደጃዝማቹ ሁሉ ‹ደ› ይሞላል። ራስ ከመሆናቸው በፊት በሌላ ማዕረግ የተጠቀሱበትን ገጽስ የት እናስገባው?»

ጥቂት አሰቡና «ማዕረጋቸው ግን እንዳይቀር» አሉ። አልቀረም። «አሉላ እንግዳ (ራስ)» ሆኖ «አ» ስር ተቀመጠ፤ «ረ» ስርም «ራስ አሉላ — አሉላ እንግዳን ይመልከቱ» የሚል መስመር ገባ። ማዕረጉ በቅንፍ ውስጥ ከስሙ አነስ ባለ ፊደል እንዲታተም ያደረግነው ዓይን መጀመሪያ በስሙ ላይ እንዲያርፍ ነው። የእኛ ሰው በራሱ ስም ይደረደራል፤ በአባት ስም መጀመር በውጭ አገር የታተሙ መጻሕፍት ላይ የሚያጋጥም ነው፤ የአማርኛ አንባቢ ግን እንደዚያ አይፈልግም። ፈረንጁ ደግሞ በሚታወቅበት ስም ይገባል፤ የመቅደላውን ጄኔራል «ናፒየር፣ ሮበርት» ብዬ «ነ» ስር አስቀምጠዋለሁ፤ «ሮበርት» ብሎ የሚፈልገው የለምና።

«የ» ሌላው መሠናክል ነው። «የአድዋ ጦርነት»፣ «የውጫሌ ውል»፣ «የ1966 አብዮት» እንዳሉ ከገቡ ግማሹ መጽሐፍ «የ» ስር ይከማቻል። እነዚህን «አድዋ» ብሎ «ጦርነት»ን ንኡስ ማድረግ፣ «ውጫሌ» ብሎ «ውል»ን ንኡስ ማድረግ ነው። አብዮቱን ግን «አብዮት» ብዬ ዓመቱን በቅንፍ ባደርገው እመርጣለሁ። ይህን ማንም ፋይል አይወስንም፤ መጽሐፉን ያነበበ ሰው ብቻ ነው የሚወስነው። ስታይል ፋይሉ ጠቃሚ የሆነውም በዚህ ነው፤ ስለ ነጠላ ሰረዝና ስለ ክፍተት አንድ ጊዜ ወስነን ከተገላገልን ሐሳባችን ሁሉ ለዚህ ይተርፋል።

መጽሐፉ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት የምከፍተው ሌላ ፋይል አለ። ሜክኢንዴክስ በተነሳ ቁጥር የሠራውን የሚመዘግብበት ነው። ከላይ ስታይል ፋይሉን አንብቦ ስንት ነገር እንደለወጠና ስንቱን እንዳለፈ ይጽፋል፤ የታለፈው ከዜሮ በላይ ከሆነ የአንዱን መስመር ስም አሳስቼ ተይቤያለሁ ማለት ነው። ቀጥሎ ስንት ቃል እንደተቀበለና ስንቱን እንደጣለ ይጽፋል። የተጣለ ካለ ብዙ ጊዜ ያልተዘጋ ቅንፍ ነው፣ ወይም ከርእሱ ውስጥ ቃለ አጋኖ ያለበት የመጽሐፍ ስም ነው፤ ፕሮግራሙ «!»ን የንኡስ ቃል ምልክት አድርጎ ስለሚወስዳት ከፊቷ ድርብ ጥቅስ ይደረግላታል። ሁለቱም ቁጥሮች ዜሮ ሲሆኑ ኢንዴክሱን በወረቀት አትሜ ከተለያየ ቤት ጥቂት ስሞች እመርጥና ገጻቸው ላይ መኖራቸውን አመሳክራለሁ። በደማቅ የታተሙትን ደግሞ አንድም ሳላስቀር አያለሁ፤ አንባቢ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እነሱ ነው።